ስሙ ያልታወቀ የጓሮ ቁጥቋጦ ሳይለይ አይባዛ

ለአበባው ውበት ተብሎ ከጎረቤት ወይም ከችግኝ ሻጭ የመጣ፣ ማንነቱን ግን ማንም በውል የማያውቀው ቁጥቋጦ በብዙ ሰው ግቢ ይገኛል። ቶሎ ያድጋል፣ ውኃ አጠጡኝ አይልም፣ ከብትም እምብዛም አይደፍረውም፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ ከቤት ወደ ቤት ይተላለፋል። እነዚህ የሚወደድባቸው ባሕርያት ግን አንድን ተክል ወራሪ አረም የሚያደርጉትም ናቸው። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ ተክሉ በትክክል እስኪለይ ድረስ አታባዙት፣ ለጎረቤት አትስጡት፣ ስትከረክሙትም ቅጠሉን ለእንስሳት አትጣሉ።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታና ካማራ ነው። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ብዙ አገሮች የገባው ለጌጥና ለአጥር ተብሎ ነው። ዛሬ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ እንዲሁም በሶማሌ ክልል፣ የግጦሽ መሬት ከወረሩት መጤ አረሞች አንዱ ሆኗል። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ርቀው ይጥሉታል፤ ስለዚህ ባለቤቱ አጥሬን አያልፍም ቢልም ተክሉ ያልፋል። ከላይ ብቻ ሲቆረጥ ደግሞ ከሥሩ አንገት መልሶ ያቆጠቁጣል።

አበባውን ብቻ አይቶ መፍረድ አያዋጣም። የወፍ ቆሎ አበባ በአንዲት እቅፍ ላይ እንኳ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝና ቀይ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ አበባ ሲያረጅ ቀለሙ ይለወጣልና። ስለዚህ ወደ ግንዱ ጠጋ በሉ። ለጋው ቅርንጫፍ በጣት ሲዳሰስ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ኋላ የታጠፉ ትናንሽ እሾሆች አሉት። ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ፣ ሻካራ ናቸው፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ነው፣ ሲታሹም ኃይለኛ ሽታ ያወጣሉ። ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ይጀምርና ሲበስል የሚያብረቀርቅ ጥቁር ይሆናል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ላንታና ትራይፎሊያ ግን እሾህ የለውም፤ ቅጠሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ አንጓ ይወጣሉ፣ ፍሬውም ወይን ጠጅ ነው። ሌላ ተክል በስህተት ነቅሎ መጣልም ጉዳት ነውና ልዩነቱ በጥንቃቄ ይታይ።

አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም። ነጭ ወተት የሚያወጣ ሁሉ መርዝ ነው የሚሉ አሉ፤ አጋምም ወተት አለው፣ የበሰለ ፍሬው ግን ይበላል። ባለ ቢጫ አበባው ቴቬቲያ ወተት የሚያወጣ ሲሆን ለልብ አደገኛ መርዝ አለው። ኦሊያንደር ደግሞ ወተቱ ያን ያህል ጎልቶ ባይታይም መርዙ ከዚያ የሚያንስ አይደለም፤ ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ እንኳ ይገድላል። ስለዚህ የቅጠሉን አቀማመጥ፣ ግንዱን፣ ፈሳሹን፣ አበባውንና ፍሬውን አንድ ላይ አመዛዝኑ። ለመለየት ብላችሁ ግን ምንም አትቅመሱ፤ ከነካችሁ በኋላም እጃችሁን ታጠቡ።

«ለዓመታት አጥሬ ላይ ነበር፣ አንድም ከብት አልሞተብኝም» የሚል አርሶ አደር ይኖራል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከብት የለመደውን ሳር ካገኘ የወፍ ቆሎን ይሸሻል። አደጋው የሚመጣው መኖ ሲጠፋ፣ ወይም ተክሉን የማያውቅ እንስሳ ከሌላ አካባቢ ሲገባ ነው። የወፍ ቆሎ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፦ እንስሳው መብላት ያቆማል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ ነጣ ባለው የአፍንጫና የጆሮ ቆዳ ላይ ቁስል ይወጣል። ይህን ያየ ሰው እንስሳውን ወደ ጥላ አስገብቶ ሳይዘገይ የእንስሳት ሐኪም ይጥራ። «ስልኬ ፎቶ አይቶ ይነግረኛል» የሚለው ሐሳብም ጠቃሚ ጎን አለው፤ ነገር ግን የአበባ ፎቶ ብቻ የተሰጠው ስልክ ተመሳሳይ ዝርያዎችን ያደባልቃል። መልሱን እንደ ጥቆማ ወስዳችሁ ከላይ ባሉት ምልክቶች አረጋግጡ። «አጥሬን ነቅዬ በምን ልተካው?» ለሚለው፣ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አጋምና ቀጋ እሾሃማ አጥር ይሆናሉ፣ ፍሬያቸውም ይበላል።

ያም ሆኖ ካልተለየ፣ አበባና ፍሬ ያለበትን አንድ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ቁረጡ። በጋዜጣ መካከል ዘርግታችሁ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት፣ እርጥቡን ጋዜጣም በየቀኑ ቀይሩ። የተቆረጠበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ የአበባውን ቀለምና የተክሉን ቁመት ጻፉበት፤ ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚጠፋ ይህ ማስታወሻ ከተክሉ እኩል ይፈለጋል። ከዚያ ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስጡ፤ እሱ ካልለየው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የዕፅዋት ናሙና የሚለይበት ቦታ ነው። የወፍ ቆሎ መሆኑ ከተረጋገጠ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ፣ ፍሬ ሳያፈራ፣ ከነሥሩ ንቀሉት፤ በሚቀጥሉት ክረምቶችም እዚያው ቦታ የሚበቅለውን ቡቃያ እየተከታተላችሁ አስወግዱ።