መብራቱ ይበራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስንሻገር የተሳፈርንባት የሞተር ጀልባ ሐይቁ መካከል ለአጭር ጊዜ ሞተሯን አጥፍታ ከቆመች በኋላ አልነሳ አለች። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። የከሰዓት በኋላው ነፋስ መንፈስ ጀምሯል፤ ማዕበሉም ጀልባዋን ወደ ጎን መግፋት ይዟል። ነጂው «ባትሪው ሞቷል፤ ዘንድሮ እንኳ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ» አለን። ይሁን እንጂ የጀልባዋ መብራት ቦግ ብሎ ይበራ ነበር። ባትሪው ሞቶ ከሆነ መብራቱን የሚያበራው ምንድን ነው?

በጀልባዋ ላይ የነበረው ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዝርያ ነው። በውስጡ ስድስት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ ሴል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ የሞላ ባትሪ ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ አልቋል ማለት ነው። ባትሪው ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ የሰሌዳዎቹ ገጽ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣል፤ አሲዱም ይቀጥናል። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው 14 ቮልት ያህል ሲልክለት ሂደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባዶውን ለወራት የተቀመጠ ባትሪ ግን ሰልፌቱ ስለሚጠጥርበት ወደ ቀድሞ አቅሙ መመለስ ያስቸግረዋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ባለ 24 ዋት አምፖል የሚወስደው ኮረንቲ 2 አምፔር ብቻ ነው። ሞተሪኖው ግን 100 አምፔርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በባትሪው ምሰሶና በገመዱ ማያያዣ መካከል የተጋገረው አረንጓዴና ነጭ ዝገት 0.03 ኦም ሬዚስታንስ አለው እንበል። አምፖሉ ሲበራ በዚያ ቦታ የሚባክነው 2 × 0.03 = 0.06 ቮልት ነው፤ ይህን ዓይን አይለየውም። 100 አምፔር ሲያልፍ ግን 3 ቮልት ይባክናል፤ ለሞተሪኖው የሚደርሰው ቮልቴጅም ከ9 እምብዛም አይበልጥም። የባከነው ኃይል 300 ዋት ሲሆን፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሙቀት ይሆናል።

ቮልት መለኪያ አልያዝንም ነበር (የፊዚክስ መምህር ያለ መለኪያ መጓዙ ሊያሳፍረው ይገባል!)። ነጂው ቁልፉን ደጋግሞ ካዞረ በኋላ ማያያዣዎቹን በጣታችን ጫፍ ነካ አደረግናቸው። አንዱ ቀዝቃዛ፣ ሌላው የሚፋጅ ነበር። የሚፋጀውን ፈትተን በቢላዋ ፍቀን አጥብቀን አሰርነው፤ ሞተሩም ተነሳ። ሁለቱ የተጣሉት ባትሪዎች ምናልባት ጤነኞች ነበሩ።

ሆኖም የመብራቱ መብራት ብቻ ባትሪው ጤናማ ለመሆኑ ማስረጃ እንደማይሆን አንባቢ ልብ ይበል። ሰልፌት የበዛበት ባትሪም የውስጥ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር አምፖል አብርቶ ሞተር ማስነሳት ሊያቅተው ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ልኬት ነው። ቁልፉ ዞሮ ሳለ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምሰሶዎቹ ላይ እናሳርፋለን፤ ንባቡ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ የምንጠረጥረው ባትሪውን ነው። ካልወረደ አንዱን ጫፍ በምሰሶው፣ ሌላውን በዚያው ምሰሶ ማያያዣ ላይ አድርገን እንለካለን። እዚህ ከዜሮ ብዙ የራቀ ንባብ ካገኘን ጥፋተኛው ማያያዣው ነው።

ለማጽዳት በቅድሚያ ኔጌቲቩን መፍታት ያስፈልጋል፤ ኔጌቲቩ ከሞተሩ ብረት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ፖዘቲቩን ስንፈታ ቁልፋችን ብረቱን ቢነካ ከፍተኛ ኮረንቲ ያልፋል። ዝገቱ በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፤ አረፋው አሲዱ እየከሸፈ መሆኑን ያሳያል። ወደ ሴሎቹ ግን ጠብታ እንኳ መግባት የለበትም። ከደረቀና ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ይቀባል። ክዳናቸው በሚከፈት ባትሪዎች ውስጥ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የሐይቅ ውሃ ማዕድን ስላለው ሰሌዳዎቹን ያበላሻል።

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይወጣል፤ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። በጀልባ ሆድ ውስጥ የቤንዚን ተንም ይጠራቀማል። ስለዚህ ባትሪው የሚሞላበት ቦታ ክፍት መሆን አለበት፤ የመሙያው ገመድም የሚሰካውና የሚነቀለው መሙያው ጠፍቶ ሳለ ነው።