ከቦሌ የተነሣው እህል

የጦር አውሮፕላን ሲባል ብዙዎቻችን ቦምብ እናስባለን። ነገር ግን ሁሉም ቦምብ ጣይ አይደለም። ወታደርና ስንቅ የሚያመላልስም አለ። በ1977 ዓ.ም. እንዲህ ያለው አውሮፕላን ለተራበ ወገን እህል አመላልሷል።

በዚያ ዓመት በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ ድርቅ ጸንቶ ሕዝቡ ተራበ። መርከቦች እህል አምጥተው አሰብ ወደብ ያራግፉ ነበር። ከአሰብ እስከ ደጋው ግን መንገዱ ሩቅ ነው። በሰሜን ጦርነት ስለነበረም አያስተማምንም። አንዳንዱ ተራራማ ቀበሌ ደግሞ መኪና ጨርሶ አይገባበትም። ስለዚህ የብሪታንያ አየር ኃይል አውሮፕላኖች መጥተው አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሰፈሩ። የምዕራብ ጀርመንና የሶቪየት ኅብረት አውሮፕላኖች፣ የፖላንድም ሄሊኮፕተሮች በሥራው ተሰለፉ።

የብሪታንያው አውሮፕላን ሄርኩለስ ይባላል። አራት ሞተር አለው። ከጅራቱ ሥር ትልቅ በር ይከፈታል። ቆላ ላይ እስከ 200 ኩንታል ያህል ሊጭን ይችላል። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ነው። ከፍ ባለ አገር አየሩ ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ያንሳል። ስለዚህ ጭነት ይቀነሳል። በቅሎስ ዳገት ሲጠናባት ጭነቷ ይቀነስላት የለ?

አውሮፕላኑ መቀሌና አክሱም አርፎ ያራግፋል። ማረፊያ በሌለበት አገር፣ ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ ራቤል፣ እህሉ ከአየር ይጣላል። ይህም ዝግጅት ይፈልጋል። አስቀድሞ ሰፊና ደልዳላ ሜዳ ይመረጣል። እህሉ በድርብ ጆንያ ይታሰራል፤ የውስጡ ቢፈነዳ የውጭው ይይዘዋል። አውሮፕላኑ ከመሬት 15 ሜትር ያህል እስኪቀረው ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ጆንያው በኋላ በር ተንሸራትቶ ይወርዳል።

የቀረው ሥራ መሬት ላይ ላለው ሰው ነው። በፍጥነት የሚወርድ ጆንያ ሰው ይገድላል። የተራበ ሰው ደግሞ እህል ሲያይ ይሮጣል። ስለዚህ ልጆችንና ከብቶችን ከሜዳው የሚያርቅ፣ ሕዝቡን ተራ የሚያስይዝ ሰው ያስፈልጋል። እርሱም እንደ አብራሪው ሁሉ ነፍስ ያድናል።

የብሪታንያ አውሮፕላኖች ሥራቸውን በታኅሣሥ ወር 1978 ዓ.ም. ጨርሰው ሄዱ። አውሮፕላን ለክፉ ቀን ይደርሳል፤ ጎተራ ግን አይሞላም። ነዳጁም ውድ ነው። መንገድ የጠረገና ለክፉ ቀን እህል ያስቀመጠ ቀበሌ ሰማይ ሰማይ አያይም።

ጥያቄዎች
1. ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ጭነቱ ለምን ይቀነሳል?
2. ከአየር የሚጣል እህል በድርብ ጆንያ የሚታሰረው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቀበሌ መንገዱ ቢዘጋ እህል በምን ይደርሳል? ተወያዩበት።