ትምህርት 7፦ ወደ ጎንደር ስንጓዝ

 

በቅርቡ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ጋር ወደ ጎንደር ከተማ እንጓዛለን። ነገር ግን ጉዞ ሁሉ መንፈሳዊ ጉዞ አይደለም። በአውቶቡስ ዘምሮ፥ ዳቦውን በልቶ፥ ግንቡን አይቶ መመለስ ብቻ ሽርሽር ነው። የእኛ ጉዞ ከሽርሽር በምን ይለያል?

በመዝሙር 47 ላይ ሕዝቡ ጽዮንን እንዲዞሯት፥ ግንቦቿን እንዲቈጥሩ፥ ያዩትንም ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ትውልድ እንዲነግሩ ታዝዘዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ግሪክ አገር፥ ወደ አቴና በሄደ ጊዜ ዝም ብሎ አላለፈም። ተዘዋውሮ ተመለከተ፤ ላልታወቀ አምላክ የተሠራ መሠዊያ ባየ ጊዜም ከዚያ ተነሥቶ ስለ እውነተኛው አምላክ አስተማረ (ሐዋ. 17)። እንግዲህ ተጓዥ ያያል፥ ይጠይቃል፥ ተመልሶም ይናገራል።

ሀ. የነገሥታቱ ግቢ
ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሩት አፄ ፋሲል ናቸው። ቤተ መንግሥታቸው በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም በዚያው ግቢ ሌሎች ግንቦችን ሠሩ። ግቢውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

ለ. ደብረ ብርሃን ሥላሴ
ይህችን ቤተ ክርስቲያን የተከሉት የአፄ ፋሲል የልጅ ልጅ፥ አፄ ኢያሱ ናቸው። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ስታዩ የመላእክት ፊት በረድፍ ተስሎ ቍልቍል ይመለከታችኋል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥላሴንና የጌታችንን ስቅለት ታያላችሁ። በቅጥሩ ዙሪያ ያሉትን ግንቦች ቍጠሩ፤ 12 ናቸው። አባቶች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይላሉ።

በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደር ገብተው ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈች። አባቶች ሲናገሩ የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን አባረረ ይላሉ። ልጆች፥ ከእሳት የተረፈው ሥዕል ዛሬ በእኛ እጅ ሊጠፋ አይገባም።

ሐ. ጥምቀተ ባሕር
በቀሐ ወንዝ አጠገብ የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚባለው ስፍራ አለ። ለጥምቀት ውኃው ከቀሐ ይገባል። በከተራ ታቦታቱ ወደዚያ ወርደው ያድራሉ፤ ጥር 11 ውኃው ይባረካል። የዛፎቹ ሥር በአጥሩ ድንጋይ ላይ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ታያላችሁ።

በዚያ አጥር የሆነውን ልንገራችሁ። እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ በሹል ድንጋይ ስሜን መጫር ጀመርሁ። ሁለት ፊደል እንደ ጻፍሁ መምህሬ ከኋላዬ ደረሱ። ይገርፉኛል ብዬ ተሸማቀቅሁ። እርሳቸው ግን፦ «ልጄ፥ ይህን ድንጋይ ተሸክመው የደረደሩት ሰዎች ስማቸውን የት ጻፉ?» አሉኝ። ፈለግሁ፤ አጣሁ። «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል፤ አንተንም ያውቅሃል» ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። በማግስቱ ለማጥፋት ብመኝም የተጫረ ድንጋይ እንደ ሰሌዳ በጨርቅ አይጠፋም። ስለዚህ ይህን ትምህርት ሳስተምር እኔ ያጠፋሁትን እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

የጉዞአችን ሥርዓት
1. ነጠላችንን አጣፍተን፥ ጫማችንን አውልቀን እንገባለን።
2. ሥዕሉን በዓይናችን እንጂ በእጃችን አንነካም፤ የእጅ ወዝ ቀለሙን ያበላሻል።
3. ግድግዳና ዛፍ ላይ አንጽፍም፤ ጓደኛችን ሲጽፍ ብናይ በፍቅር እንመክረዋለን።
4. የማናውቀውን ካህናቱንና አስጐብኚውን በትሕትና እንጠይቃለን።
5. ስንመለስ ለመምጣት ላልቻለ አንድ ልጅ ያየነውን እንነግረዋለን።

ጥያቄዎች
1. ሽርሽርና መንፈሳዊ ጉዞ በምን ይለያያሉ?
2. ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማን ተከላት? በ1880 ዓ.ም. ምን ሆነ?
3. የመምህሩን ጥያቄ አንተ ወይም አንቺ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።