የዩኒቨርሲቲ ወረፋ ከነዋጋው
የቆቦ ነጋዴ ቤተሰብ ውጤት በወጣ ማግስት ምን ያሰላል?

በራያ ቆላ ጎርፍ ሀብት ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ በወንዞቹ ወደ ቆቦ ሜዳ ሲወርድ፣ ቀድሞ ቦይ የጠረገ ገበሬ ማሳውን ያጠጣበታል። ውሃው ደርሶ ሲያገሳ አካፋ ፍለጋ የሚሮጥ ግን ሲያልፍ ቆሞ ከማየት በስተቀር የሚተርፈው ነገር የለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ በየነጋዴው ቤት የሚገጥመው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቀድሞ ያሰበ ቤተሰብ ልጁን በሚገባው በር ያስገባል፤ ያላሰበው ደግሞ ለዓመታት ያጠራቀመውን ጥሪት በሁለት ሳምንት ጥድፊያ ይበትናል።

ጉዳዩ የትምህርት ብቻ ሳይሆን የገንዘብም በመሆኑ በገበያ ዓይን ቢመረመር ይጠቅማል። በማናቸውም ገበያ አስቀድሞ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ ያለው ምን ያህል ነው? ፈላጊው ስንት ነው? ዋጋውን የሚቆርጠውስ ማን ነው?

ወረፋው ከቦታ ወደ ነጥብ ዞሯል

በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓመታት በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም የነበራቸው የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ መቀሌና ደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሷል። ለቆቦ ቅርብ የሆነው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከቆቦ ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ በጥንቱ ጊዜ እጥረቱ የመቀመጫ ነበር። መቁረጫ ነጥቡም ከፍና ዝቅ የሚለው እንደ ቦታው ብዛት ነበር። ይህ ሥርዓት የተለወጠው ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ነው። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አፈትልኮ ፈተናው እስከ መሰረዝ ከደረሰ በኋላ ስርቆቱ ለዓመታት ሲያነጋግር ቆይቶ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ እንዲፈተኑ ተደረገ። ማለፊያውም ከመቶ 50 ሆነ።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. የአላፊዎች ቁጥር 27,267 ሆኖ ድርሻው ወደ 3.2 ከመቶ ወረደ። በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 ከመቶ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 ሲያልፉ ድርሻው 8.4 ከመቶ ደርሷል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ድርሻው እየተሻሻለ ቢመጣም በመጨረሻው ስሌት እንኳ ከ12 ተፈታኞች የሚያልፈው አንድ ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ የአላፊው ድርሻ ያደገው አላፊው በመብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ከ2014 እስከ 2017 ዓ.ም. የተፈታኙ ቁጥር ከ300 ሺህ በላይ ቀንሷል። ነጋዴ የአንድን ዕቃ ዋጋ መውጣት ሲሰማ የገባው ዕቃ መጠን ቀንሶ እንደሆነ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ወላጅም መቶኛውን ብቻ አይቶ መጽናናት የለበትም።

የራያ ቆቦ ልጆች ደግሞ ከሌላው ተፈታኝ ጋር እኩል መነሻ ላይ አልቆሙም። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደገና ተመለሰ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከዝርፊያና ከውድመት አልተረፈም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ክፍል ውስጥ ያልዋለ ልጅ የሚፈተነው ግን ሳይቋረጥ ከተማረው ጋር በአንድ ወረቀት ነው። በዚህም ምክንያት በአካባቢው ዝቅተኛ ውጤት የልጁ ስንፍና ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ አይገባውም።

መካከለኛው በር

በሌላው ዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ለአንዳንድ አመልካቾች «ቦታ ከተገኘ እንጠራችኋለን» ብለው በተጠባባቂነት ይይዟቸዋል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የተጠባባቂ መዝገብ የለም። ለዚህ የሚቀርበው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፈተው የሬሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ) ፕሮግራም ነው። ግማሹን ነጥብ ያላሟሉ ሆነው ሚኒስቴሩ የሚያወጣውን የሬሜዲያል መቁረጫ ያለፉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይማራሉ። ሲጨርሱ ከማዕከል በሚመጣ ፈተናና በተቋሙ ምዘና ተመዝነው፣ ከመቶ 50 ያገኙት አንደኛ ዓመት ይገባሉ። ያላገኙት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

መቁረጫው በየዓመቱ የሚለያይ ከመሆኑም በላይ፣ ለተፈጥሮና ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ለወንድና ለሴት፣ ለአካል ጉዳተኞችና ልዩ ድጋፍ ለሚሹ አካባቢዎች ለየብቻ ይወጣል። በመሆኑም የጎረቤት ልጅ ባለፈው ዓመት የገባበትን ነጥብ ይዞ ዘንድሮ መከራከር፣ በአምናው የሽንኩርት ዋጋ የዘንድሮውን ጭነት እንደመግዛት ይቆጠራል።

ምደባ አይሸጥም

አላፊ ተማሪዎች የሚሹትን ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ይሞላሉ፤ ትምህርት ሚኒስቴር ውጤትን፣ ምርጫንና የተቋማትን የመቀበል አቅም እያየ ይመድባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ግን በራሱ የመግቢያ ፈተና አመልካቾችን ስለሚመለምል፣ እዚያ መግባት የሚሻ ተማሪ ማስታወቂያውን ለብቻው መከታተል አለበት።

በደላላ ላይ የሚደርሰው ኪሳራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በገበያ ደላላ ሻጭና ገዢን ያገናኛል፤ የሚያገናኘውም ያለ ዕቃ ነው። በዩኒቨርሲቲ ምደባ ግን የሚሸጥ ዕቃ የለም። «ሰው አለኝ፣ ወልድያ አስመድብልሃለሁ» የሚል ሰው ምንም ባያደርግ እንኳ ከሚጠይቁት መካከል የተወሰኑት በራሳቸው ነጥብ ወልድያ መመደባቸው አይቀርም። ከእነዚህ የተቀበለውን ይዞ፣ ያልተሳካላቸውን «ትንሽ ቆዩ» ይላል። ስለዚህም ነው እንዲህ ያለው ሰው ሁልጊዜ ምስክር የማያጣው። የጤና ችግር ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ትክክለኛ ማስረጃውን ምደባ ከመውጣቱ በፊት በተጠየቀው ጊዜና መንገድ ቢያቀርብ ከማናቸውም ደላላ ይሻለዋል።

«በነፃ» የተባለው ዕዳ

ብዙ ወላጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ብድር ነው። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው ውል ይፈርማል፤ የምግብና የመኝታ ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነው ድርሻ በስሙ ይመዘገባል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየተቆረጠ ይከፈላል።

በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በቀን 100 ብር ቢሰላ በወር 3,000፣ በ10 ወር 30,000 ብር ይሆናል። ይህ ዛሬ ከወላጅ ኪስ የሚወጣ ባይሆንም ነገ ከልጁ ደመወዝ የሚጠየቅ ሒሳብ ነው። ወላጅ በእጁ የሚያወጣው የጉዞ፣ የልብስ፣ የኮፒና የኪስ ገንዘቡን ነው። በመሆኑም የምደባው ርቀት ራሱ ዋጋ አለው፤ ወልድያ የደረሰው ልጅ በዓል ሲመጣ ቤቱ ይገባል፣ ጅማ የደረሰው አገር አቋርጦ ይመጣል።

የአንድ ቤተሰብ ስሌት

ለምሳሌ ያህል በቆቦ ማሽላና ጤፍ የሚነግድ፣ በእጁ 150 ሺህ ብር ጥሪት ያለው አንድ አባወራ ይታሰብ። ልጁ ከ600 ነጥብ 282 አምጥታለች፤ ግማሹን ለመድፈን 18 ጎድሏታል። ታናሽ ወንድሟ ትምህርቱን ትቶ እንደ ብዙ የአካባቢው ወጣቶች በጅቡቲና በየመን በኩል ሳዑዲ ለመሻገር ገንዘብ እየጠየቀ ነው። አጎቷ ደግሞ «ገንዘቡን ለግል ኮሌጅ ክፈልላት፣ ዲግሪው ያው ዲግሪ ነው» ይላል።

አባወራው እንደ ነጋዴ ቢያሰላ በቅድሚያ የሚያየው፣ ቢከስር የሚያጣውን ነው። ሬሜዲያሉ የሚወስድበት የኪስ ገንዘብና የልጅቱን ጥቂት ወራት ነው። ብትወድቅ እንኳ አብዛኛው ጥሪት ባለበት አለ። ካፒታልን ሳይነካ ዕድልን የሚሞክር ግብይት በገበያ ብዙ አይገኝም።

የግል ኮሌጁ ግን ጥሪቱን አስቀድሞ ይበላል። «ዲግሪው ያው ዲግሪ ነው» የሚለውም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አይሠራም፤ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማረ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 48,632 ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ያለፉት 12,422 ብቻ ነበሩ፤ 62.4 ከመቶ በ17.2 ከመቶ መሆኑ ነው። ይህ ማለት የግል ተቋም ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት ማለት ነው፤ ኮሌጁ በዚያው ቅርንጫፍ፣ ለዚያው የትምህርት ዓይነት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ? በመውጫ ፈተናስ ካስፈተናቸው ስንቱ አለፉ?

የወንድ ልጁ ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። የበረሃውና የባሕሩ መንገድ የሚያስከስረው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ያስከስራል። አባት «ሂድ» ወይም «ቅር» ከማለቱ በፊት ግን ለእኅቱ የተሰላው ስሌት ለእርሱም ሊሰላለት ይገባል። ብዙ ልጅ ወደ መንገዱ የሚወጣው በቤቱ ያለው ገንዘብ ሁሉ ውጤት ለቀናው ልጅ ብቻ የተመደበ ሲመስለው ነው። ልጅቱ በሬሜዲያል ብትሄድ ከጥሪቱ አብዛኛው ስለሚተርፍ፣ ከእርሱ ከፊሉን ለወንድ ልጁ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ ወይም በአባቱ ዓይን ሥር ለሚጀምር አነስተኛ ንግድ ማዋል ይቻላል። የአጎትየው ምክር ቢወሰድ ኖሮ ግን ለእርሱ የሚተርፍ ነገር አይኖርም ነበር።

ከውጤት በፊት የሚሠራ ሥራ

አንድ ቤተሰብ ቦዩን አስቀድሞ መጥረግ ከፈለገ ሥራው ውጤት ከመውጣቱ በፊት ነው። ልጁ ቢያልፍ፣ መካከል ላይ ቢቆም፣ ከዚያም በታች ቢሆን ምን እንደሚደረግ በሦስት መስመር ተጽፎ ይቀመጥ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫው ከልጁ ጋር ቁጭ ተብሎ ይሞላ፤ የይለፍ ቃሉም በኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ እጅ አይቅር። ከጥሪቱ ለትምህርት የሚውለው ድርሻ አስቀድሞ ይቆረጥ፤ የንግዱ መሥሪያ ካፒታል ለብቻው ይቀመጥ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅም በአንደኛ ዓመት ሌላ ወረፋ እንደሚጠብቀው ይወቅ፤ የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚወሰነው እዚያ በሚያመጣው ውጤት ነውና።

ከሁሉም በላይ ውጤቱ በወጣበት ምሽት በቤቱ ገንዘብ አይቆጠር፣ ውልም አይፈረም። የቆቦ ነጋዴ ገበያው በተረበሸ ቀን እህሉን አይሸጥም፤ ጎተራውን ዘግቶ ያድራል። የልጅ ነገር ከእህል አይቀልምና አንድ ሌሊት ይደርለት።