የውኃ ተርብን በካሜራ ማጥናት፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

በጅረት ዳር ወይም በኩሬ አጠገብ ለጥቂት ደቂቃዎች የቆመ ሰው፣ በአራት ክንፎቿ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆይታ በቅጽበት ከዓይን የምትሰወር በራሪ ማየቱ አይቀርም። የውኃ ተርብ እንላታለን፤ ከተርብ ጋር የሚያገናኛት ግን ስሟ ብቻ ነው፤ መንደፊያ የላትም። ሳይንስ ኦዶናታ በተባለው ክፍለ መደብ ያስቀምጣታል። በዓለም ከ6,000 በላይ፣ በአገራችንም ከ100 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። እንደ ኢሽኑራ አቢሲኒካና ኦርተትረም ክሪስተንሰኒ ያሉት ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም።

በዚህ ጽሑፍ ይህችን በራሪ እንዴት እንደምንመለከት፣ ፎቶግራፏም ከጌጥነት አልፎ መረጃ የሚሆነው በምን ሁኔታ እንደሆነ ከፊዚክስ አንጻር እንመረምራለን።

ሁለቱ ዓይነቶች

ኦዶናታ በሁለት ዋና ዋና ቡድኖች ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ወፍራም አካል ያላቸው፣ ሲያርፉ ክንፋቸውን እንደ አውሮፕላን የሚዘረጉ፣ የአብዛኞቹ ዓይኖችም የሚነካኩ ናቸው። ሁለተኞቹ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ፣ ዓይኖቻቸው የተራራቁ፣ አብዛኞቹም ሲያርፉ ክንፋቸውን በጀርባቸው ላይ የሚያጥፉ ናቸው። ሁለቱም የእጭነት ዘመናቸውን በውኃ ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ይህም እንደ ዝርያው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ውኃው ሲበከል ወይም ሲደርቅ ቀድመው የሚጎዱት እጮቹ ናቸው።

የትና መቼ?

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሦስቱ ከተሞች የተለያየ ዓይነት ውኃ ያቀርቡልናል። በሰበታ ወንዙና የዓሣ ምርምር ማዕከሉ ኩሬዎች፣ በቡራዩ አቅራቢያ የገፈርሳ ግድብ፣ በሱሉልታ ደግሞ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሰፊ ሜዳ አለ። የሰበታና የገፈርሳ ውኃ ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ የሱሉልታው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ገፈርሳ የመጠጥ ውኃ ግድብ ስለሆነና የምርምር ኩሬዎቹም ባለቤት ስላላቸው፣ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ለምልከታ ይመቻል። የውኃ ተርብ ለመብረር የክንፎቿ ጡንቻዎች መሞቅ አለባቸው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሱሉልታ ሜዳ ማለዳው ስለሚቀዘቅዝ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ በሣር ላይ ጤዛ ለብሳ ልናገኛት እንችላለን። በቅርብ ለማንሳት የሚመረጠው ይህ ሰዓት ነው። ረፋዱ ላይ ደግሞ በረራዋን፣ አደኗንና እንቁላል አጣጣሏን እናያለን።

የካሜራው ስሌት

ክንፏን በበረራ ላይ አጥርቶ ማንሳት ለምን ያስቸግራል? ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክንፍ በሰከንድ 30 ጊዜ ይመታል እንበል። የክንፉ ጫፍ በአንድ ሙሉ ምት፣ ወደ ታችና ወደ ላይ፣ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢጓዝ፣ አማካይ ፍጥነቱ 30 × 9 = 270 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 2.7 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ካሜራው ለ1/250 ሰከንድ ብቻ ቢከፈት እንኳ ጫፉ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በምስሉ ላይ ጭጋግ ይመስላል። በ1/2000 ሰከንድ ግን ጉዞው ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አየር ላይ ቆማ ሳለ አካሏ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ፣ ክንፉ ቢደበዝዝም አካሉ ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ሌላው ችግር በቅርብ ስናነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። መፍትሔው የካሜራውን ፊት ከአካሏ ጋር ትይዩ አድርጎ መያዝና የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ማጥበብ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳልና፣ ለበረራ ፎቶ ብርቱ ፀሐይ ያስፈልጋል።

ውኃን በብርሃን መለየት

ከውኃ ገጽ የሚንጸባረቅ ብርሃን ሞገዱ በአብዛኛው በአግድም አቅጣጫ ይርገበገባል፤ ይህም ፖላራይዝድ ብርሃን ይባላል። ብርሃኑ ከቀጥታ ቋሚው መሥመር 53 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ሲያርፍ፣ የሚንጸባረቀው ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ይሆናል። በሌንሱ ላይ የፖላራይዘር ማጣሪያ ገጥመን ብናዞረው፣ የውኃው ነጸብራቅ ሲጠፋና ሲመለስ እናያለን። እኛ ማጣሪያ የሚያስፈልገንን ልዩነት የውኃ ተርብ በዓይኗ ትለየዋለች፤ ውኃን የምታገኘውም በዚሁ ነው።

ይህ ችሎታ ግን ያሳስታታል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ በሀንጋሪ የተደረገ ጥናት፣ የውኃ ተርቦች የተወለወሉ ጥቁር የመቃብር ድንጋዮችን እንደ ውኃ ቆጥረው እንደሚሰበሰቡባቸው አሳይቷል። ጥቁር ፕላስቲክ፣ የመኪና ጣሪያና መስተዋትም እንዲሁ አግድም ፖላራይዝድ ብርሃን ሊያንጸባርቁ ይችላሉ። ረግረጉ ለግንባታ ሲደፋ የውኃ ተርብ መራቢያዋን ታጣለች፤ በምትኩ የሚተከለው አንጸባራቂ ነገር ደግሞ እንቁላሏን በከንቱ ሊያስጥላት ይችላል።

ፎቶው መረጃ እንዲሆን

አንድ ፎቶ ብቻውን ዝርያን ለመለየት አይበቃም። ከላይ፣ ከጎን፣ እንዲሁም የጅራቷን ጫፍ ማንሳት ይገባል፤ ቀለም በፆታና በዕድሜ ይለዋወጣልና። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የውኃውን ሁኔታ በማስታወሻ እንጻፍ። እጭ ጥሎት የሄደ ቅርፊት በሣር ላይ ከተገኘ በተለይ ይነሳ፤ በዚያ ውኃ ውስጥ ማደጓን ያረጋግጣልና።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ግንባታው ፈጣን ነው። ዛሬ ያለ ረግረግ ከዓመታት በኋላ ላይኖር ይችላል፤ በውስጡ ምን ይኖር እንደነበር ያልመዘገበ ትውልድም ምን እንዳጣ አያውቅም። ተማሪዎቻችን በየወሩ ወደ አንድ ቦታ እየተመለሱ ያዩትንም ሆነ ፈልገው ያጡትን ቢመዘግቡ፣ ለአካባቢው ውኃ ጥናት ጠቃሚ መነሻ ይሆናል። ለዚህም ተራ ካሜራ፣ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል።