ሰው ሠራሽ ሣር በዛሪማ ግቢ

ጥያቄ፦ የምኖረው ዛሪማ ነው። ከቤቴ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፌ ለልጆቼ የኳስ ሜዳ ልሥራላቸው? መሬቱ ዋልካ ነው።

መልስ፦ ሣሩን ማንጠፍ ቀላል ነው፤ ፈተናው ከሥሩ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ ያነጠፉትንም ይዞት ይነሣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ያውጡትና ጠጠር በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እያርከፈከፉ ይጠቅጥቁ። ሜዳው ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ መሠረትዎ ሥር ይገባል።

ሙቀቱም አለ። ደጋው ደባርቅ ቢሆን ይህን ያህል ባላሳሰበኝ፤ ዛሪማ ባለችበት ከሊማሊሞ ዳገት በታች ባለው ቆላ ግን በሚያዝያ ቀትር ፕላስቲኩ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ባዶ እግር ያቃጥላል። ጥላ ከሌለዎት ሣሩን ይተዉት፤ የተጠቀጠቀውን ጠጠር ቀይ አፈር ያልብሱትና ገንዘቡን ለመረብና ለኳስ ያውሉት።