ጠገራ ብርና ሽልንግ፤ የቀድሞ ገንዘባችን የያዘው ንጹሕ ብር

በአያት ሣጥን ውስጥ ወይም በአንገት ጌጥ ላይ አሮጌ ገንዘብ የሚገኝበት ቤት በአገራችን ብዙ ነው። አንዳንዱ ይህን ገንዘብ ለብር ሠሪ በሚዛን ይሸጠዋል፤ ሌላው ደግሞ ስላረጀ ብቻ ትልቅ ሀብት ይመስለዋል። ሁለቱም ሊጐዱ ስለሚችሉ ነገሩን በትምህርት መንገድ እንመልከተው።

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ሲሆን ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ይኸውም 23.39 ግራም ያህል ማለት ነው። ሰመራ ገና ሳትቈረቈር፥ ከአፋር ምድር የሚቈረጠው አሞሌ ጨው ለዝርዝር ሲያገለግል፥ ለትልቁ ግብይት የሚቈጠረው ይህ ገንዘብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል ጽሕፈት ያለበትን ብር በፓሪስ አስመትተው በክብደትም በጥራትም ከጠገራው ጋር አስተካከሉት፤ ነጋዴው ግን የለመደውን ፊት አልተወም።

ከጦርነቱ በኋላ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ፥ ሽልንግ የተባለው ባለ 50 ሳንቲም በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ተመታ፤ ብሩንም የሰጠችው አሜሪካ ናት። የመጀመሪያው ሽልንግ 7.03 ግራም ይመዝን ነበር፤ ከመቶው 80 እጅ ብር ነው። የአሜሪካ ሩብ ዶላር ደግሞ እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ 6.25 ግራም ሲሆን 90 እጁ ብር ነበር። አስሉት፤ በሁለቱም የሚገኘው ንጹሕ ብር 5.62 ግራም ያህል ነው! በኋላ የተመታው ሽልንግ ወደ 70 እጅ ወረደ፤ በ1969 ዓ.ም. የወጣው 50 ሳንቲም ግን የመዳብና የኒኬል ቅይጥ እንጂ ብር የለበትም።

የተጻፈው ዓመተ ምሕረት አያታልላችሁ። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ስትሞት ያ ዓመት በገንዘቡ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ በቪየና፥ በሮማ፥ በለንደን፥ በቦምቤይ በመቶ ሚሊዮኖች ሲመታ ሁሉም 1780 ይላል። ሽልንጋችንም ዘግይቶ የተመታው ሳይቀር 1936 ይላል። እንግዲህ ተራው ጠገራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ከያዘው ብር ብዙም የራቀ አይደለም።

የሰብሳቢዎች ዋጋ ሌላ ነገር ነው፤ ቍጥሩ ያነሰውንና መልኩ ያልጠፋውን ይፈልጋሉ። የ1936ቱ ስሙኒ መዳብ ነው፤ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጥቶ ከሽልንጉ ጋር በመጠን በመመሳሰሉ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እንዲሆን ተደረገ። ዛሬ ሰብሳቢ የሚሻው ያንኑ ክቡን ነው። በአሜሪካም በ1916 እ.ኤ.አ. በዴንቨር የተመታው ባለ 10 ሳንቲም 264,000 ብቻ ስለሆነ፥ ብሩ ከሌሎቹ ሳይበልጥ ዋጋው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አሮጌ ገንዘብ ስታገኙ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ ለጌጥም አትብሱት። የሚያብረቀርቅ ሁሉ ለሰብሳቢ ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ይህን ለእናቶቻችን ማስረዳት ግን ቀላል አይሆንም!

በአዋሽም ሆነ በሰመራ ያለ ተማሪ ጠገራውን ሳይፍቅ ሊመረምረው ይችላል። ከግራም መቶኛ የሚያሳይ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱ። ጠገራውን በቀጭን ክር አስራችሁ፥ ታቹንና ጐኑን ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ካሳየ ከእውነተኛው ጋር ይስማማል፤ ያው ክብደት ያለው ናስ ቢሆን 3.3 ያህል፥ እርሳስ ቢሆን 2.5 ያህል ያሳያል። በሽልንግ ግን ሥራው ይከብዳል፤ ባለ 80ው 0.69፥ ባለ 70ው 0.70 ስለሚያሳዩ ሁለቱን በዚህ ሚዛን መለየት አይቻልም።